ፋኖሱ ላይ የተደፋው ባልዲ

ማሎሜን ለሠላሳ ዓመት ጠላሁት። ለወጉ ያህል ሳይሆን ሥራዬ ብዬ ነው የጠላሁት። ደብዳቤዎቹን ሳልከፍት እሳት ውስጥ ከተትኩ፤ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ፤ ስሙ የተነሳበት ቤት ሻይዬን ሳልጨርስ ብድግ እል ነበር። ከሠላሳው ዓመት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የጠላሁት ደግሞ ከሞተ በኋላ ነው። ቂም ላይ ማንም አይደርስብኝም።

ማሎሜ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ስሙ ኦቴንግ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ የእናት ወንድም ማሎሜ ነው የሚባለው፤ በስሙ መጥራት ነውር ነው። የእህቱ ልጅ ስታጠፋ የሚቆጣት፣ ስትጣላ የሚያስታርቃት፣ ስትዳር ከፊት ተቀምጦ የጥሎሽ ከብቱን የሚቀበልላት እሱ ነው። የእኔው ማሎሜ ፍራንሲስታውን ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው። ዓመቱን ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ይከርምና፣ ታኅሣሥ ሲገባ ሱቁን ዘግቶ፣ ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ተሸክሞ እኛ መንደር፣ ሞሴትላ ይመጣል። የሚመጣው ለተወርዋሪ ኮከቦች ነው። በዓመት አንዴ፣ ከገና በፊት ባሉት ሌሊቶች፣ ከጨው ሜዳው በላይ ያለው ሰማይ ኮከብ ያራግፋል። "ፊታቸውን የቋጠሩ ሰዎች ሳነሳ ከርሜ፣ ለአንድ ሌሊት እንኳ የሚስቅ ነገር ላንሳ እንጂ!" ይላል።

ሞሴትላ ከጨው ሜዳው ደቡብ ዳር ናት። ከወዲያኛው ዳር አውቶቡስ ሰው የሚያወርድበት መንገድና የነጋዴው የራ ሌሶሌ ሱቅ አለ። በጋሪ ዞሮ ለመምጣት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሜዳውን በእግር ማቋረጥ ግን የአንድ ሌሊት ጉዞ ነው። በቀን አይሞከርም፤ ንጣቱ ዓይን ያጠፋል፣ ሙቀቱ ይገድላል። ጆሃንስበርግ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ሠርተው ለበዓል የሚመለሱ አባቶቻችን ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሱና ግማሹን መንገድ በኮከብ፣ የቀረውን በፋኖስ ይመጣሉ። ፋኖሷ መንደራችን ዳር ካለው ምሰሶ ላይ በገመድ ትሰቀላለች። የቆመችበት ቦታ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። አንዴ ዝናብ ከነካው፣ በእኛ በኩል ያለው ሜዳ ላይ ጠንካራ ሆኖ የሚቀረው አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ሰው የሚውጥ ጭቃ ነው። ፋኖሷ የዚያ መስመር ጫፍ ላይ ናት። ዓይኑን ከእሷ ያላነሳ ሰው በሰላም ቤቱ ይገባል። ከታኅሣሥ መግቢያ እስከ ገና እያንዳንዱ ቤት በተራ ላምባ ይሞላባታል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ማሎሜ ሲመጣ ከፖስታ ቤት የአባቴን ደብዳቤ ይዞልን መጣ። አባቴ ኬኖሲ ጆሃንስበርግ አጠገብ ወርቅ ይቆፍር ነበር፤ በዓመት አንዴ ነው የማየው። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አባቴ መጥቶ ትከሻው ላይ እንዲያወጣኝ። ገና ስንት ቀን እንደቀረው እማን በቀን አሥር ጊዜ እጠይቃት ነበር። እማ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤውን ማሎሜ አነበበው፤ እኔ ጉልበቱ ላይ ተደግፌያለሁ።

"'ኦቴንግ፣ እዚህ ያሉት ሰዎች ውሸታም ብለውኛል። በእኛ አገር በታኅሣሥ ሰማዩ ኮከብ ያራግፋል ብላቸው ሳቁብኝ። እባክህ ጥሩ አድርገህ አንሳልኝና ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬ አፋቸውን ላስዘጋ። ለገና እመጣለሁ። ኬሴጎን ሳምልኝ።'" ኬሴጎ እኔ ነኝ፤ እማንም ሰው ሁሉ ማ ኬሴጎ፣ የኬሴጎ እናት፣ ይላታል።

"በቃ?" አለች እማ። "እኔ ደህና ነኝ ወይ ያለበት መስመር የታለ?"

"ሥር ላይ አለ፣ እህት ዓለም፤ ታገሺ። 'ማ ኬሴጎ ደህና ናት ወይ' ይላል።"

"አሁን ጨምረህበት ነው!"

"ወረቀቱ ይኸው፣ እዪዋ!"

"እንደማላነብ እያወቅህ፣ አንተ ቀጣፊ!" ብላ በማማሰያው ልትመታው ቃጣች፤ ሦስታችንም ሳቅን። እማ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ማሎሜ ያለፈውን ዓመት ፎቶ አሳየን። የኮከቦቹ ጭረት ከላይ ያምራል፤ ከሥር ግን አንድ ትልቅ ቢጫ ነገር ተደፍቶበታል። ፋኖሷ ናት። ኮከቦቹ የሚፈልቁት ከሰሜን፣ ከሜዳው በላይ ነው፤ ፋኖሷም ልክ እዚያው ፊት ለፊት።

"ይህን ብልክለት 'ኮከቡ የቱ ነው፣ የእንቁላል ጥብስ ነው እንጂ' ብለው ይስቁበታል" አለ።

"አንተ የምትቆምበትን ድንጋይ ቀይር፤ ፋኖሷ አትነቃነቅም" አለች እማ፣ የማሽላ ገንፎውን እያወጣች።

"ድንጋዬን ብቀይር ሜዳው ፎቶው ውስጥ አይገባልኝማ!"

ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ሆነብኝ። አባቴን ሰዎች ውሸታም እያሉት ነው፤ የሚያድነው ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶውን የምታበላሸው ደግሞ ፋኖሷ ናት። አንድ አባቷን የናፈቀች ልጅ ከዚህ ምን ልታወጣ እንደምትችል ትላልቆቹ ማሰብ ነበረባቸው እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ደግሞ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አሁንም በሌላ ሰው ልታሳብቢ ነው ወይ ብዬ ራሴን እሳደባለሁ።

በዚያው ማታ ጎረቤቶች ሬዲዮ ሊሰሙ እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። በወርቅ ጉድጓዱ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመዋል፣ ብዙዎቹም ወደየአገራቸው እየተባረሩ ነው ተባለ። ሰዎቹ ወደ ሬዲዮው ተጠጉ። ሥራ ካቆሙማ አረፉ ማለት ነው ብዬ እኔ ደስ አለኝ። እማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማሎሜን "ቀድሞ ይመጣ ይሆን?" አለችው።

"ቢመጣ ይጽፍ ነበር" አላት።

የተባረረ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ እንደማይሰጠው ማናችንም አላሰብንም።

በማግስቱ የኮከቦቹ ሌሊት ሆነ፤ የፋኖሷም ተራ የእኛ ቤት ነበር። እማ "ዘንድሮ ላምባውን አንቺ ትሞዪያለሽ፤ አድገሻል" ስላለችኝ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ሲመሽ ከማሎሜ ጋር ከቤታችን ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጣን። ጨረቃ አልነበረችም። ማሎሜ ካሜራውን መቆሚያው ላይ አሰረና ዓይኑን ከፍቶ ተወው። ተወርዋሪ ኮከብ አይታደንም፣ ይጠበቃል። እኔ ከአንድ እስከ ስድስት መቶ እቆጥራለሁ፤ ስድስት መቶ ስል እሱ ይዘጋል። በመሃል አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ካለፈ ማሎሜ ጥቁር ባርኔጣውን ሌንሱ ፊት ይደቅናል፣ ሰውየው ሲርቅ ያነሳዋል። ለፋኖሷ ግን ባርኔጣ አያገለግልም፤ እሷ አታልፍም።

"ስድስት መቶ!"

"ዘጋሁ! ስንት ሄዱ?"

"አሥራ አንድ።"

"እኔ ዘጠኝ ነው ያየሁት።"

"ሲጋራህን ስትፈልግ ሁለቱ አመለጡህ።"

"እሺ እመቤቴ፣ ይቅርታ!" ብሎ ሳቀ። ካፖርቱ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ይሸት ነበር፤ እኔ ያንን ሽታ እወደው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቁልቁል ወደ ፋኖሷ አየና "ያቺ ነገር ግማሽ ሰዓት ብቻ ብትተኛልኝ፣ ለኬኖሲ እንዲህ ያለ ፎቶ ነበር የምልክለት" አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ለራሱ ነው። እኔ ግን ሰማሁት።

እኩለ ሌሊት አካባቢ "በቃ፣ አንቺ ቆጣሪ፣ ሂጂ። ላምባውን ሙዪ፣ መልሰሽ ስቀዪ፣ ከዚያ በቀጥታ መኝታሽ" አለኝ። ጠርሙሱንና ማፍሰሻውን በባልዲ ይዤ ወረድኩ። ገመዱን ፈትቼ ፋኖሷን አወረድኩ፣ ላምባ ሞላሁባት። ልሰቅላት ስል ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ሦስት ኮከቦች ተከታትለው ወደ ሜዳው ወረዱ፤ አንዱ አረንጓዴ ነበር። ያኔ ነው ባልዲውን ፋኖሷ ላይ የደፋሁት። አላጠፋኋትም እኮ! አየር እንድታገኝ በአንድ በኩል ድንጋይ አስደግፌ፣ ከደንኳት ብቻ። አንድ ስድስት መቶ፣ ለአባቴ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ አነሳዋለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩና መቁጠር ጀመርኩ።

ስድስት መቶ መድረሴን አስታውስ ነበር። ባልዲውን ማንሳቴን፣ ገመዱን ስስብ መዳፌን እንደፈጀኝም ጭምር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ በአባቴ አጥንት እምል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ነው የመሰለኝ፤ አንድ ሰው ተሸክሞኝ ይሮጣል፣ ያ የመድኃኒት ሽታ አለ፣ ልቡ ጆሮዬ ሥር ይደልቃል፣ "አንቺ ምንም አልነካሽም፣ ምንም አልነካሽም" ይላል።

ጠዋት ስነቃ መኝታዬ ላይ ነኝ። ማሎሜ ቁርስ አልበላም። እማን "ዛሬ ወይ ትናንት የሚጠበቅ ሰው ነበር?" አላት።

"የለም። የመጀመሪያው አውቶቡስ በሚቀጥለው ሳምንት ነው ተብሏል። ምነው?"

"ምንም" አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ኬሴጎ፣ ማታ የት ነው የተኛሽው?"

"እቤት።"

"ጎበዝ። እቤት ነው የተኛሽው።" ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ስላሞገሰኝ ደስ አለኝ። ፎቶው ጥሩ ሆኖ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ የራ ሌሶሌ የአህያ ጋሪ ከወዲያኛው ዳር ዱቄትና ስኳር ጭኖ ደረሰ። ራ ሌሶሌ ተጫዋች ሰው ነው፤ ገና ከግቢያችን በር ሳይገባ ይጮኻል።

"ማ ኬሴጎ! ባል መጣ ተብሎ ሻይ እንኳ አይቀዳም? ወይስ በሩ ገና አልተከፈተም? ልመለስ?"

"የማን ባል?" አለች እማ፣ እየሳቀች ወጥታ።

"ኧረ ተይ! ከትናንት ወዲያ ማታ ከእኔ ሱቅ አይደለም እንዴ የተነሳው? እኔ ነገ በጋሪ አደርስሃለሁ ብለው፣ የለም፣ በታኅሣሥ ፋኖሱ ይበራል፣ ንጋት ላይ ሚስቴ ጋ ነኝ ብሎኝ ሄደ። የት አለ ኬኖሲ? ጥሩልኝ እንጂ!"

እማ ቆማ ቀረች። ራ ሌሶሌም ፊቷን አየና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ባርኔጣውን አወለቀ። ማሎሜ ከቤት ውስጥ ሲወጣ አየሁት፤ ምንም ሳይጠይቅ፣ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ፣ ወደ ሜዳው ሮጠ። የመንደሩ ወንዶች ተከተሉት።

አባቴን ከሰዓት በኋላ አገኙት። መንደሩ ሊደርስ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረው ነው። እኔን አላሳዩኝም፤ ጋሪው ላይ ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር ነው ያየሁት። እማ ያን ቀን ያሰማችው ድምፅ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ከቦርሳው ውስጥ ለማሎሜ የገዛው ሦስት ጥቅል ፊልም ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ ሸንጎ ተቀመጠ። የእኛ አገር ሽማግሌዎች ዱካ እንደ መጽሐፍ ያነባሉ። አንዱ ተነስቶ ያየውን ተናገረ፤ እኔ ከሴቶቹ መሃል፣ ማ ሴቱንያ የምትባል ጎረቤታችን ጉያ ውስጥ ተወሽቄ ሰማሁ።

"ቀጥ ብሎ ነው የመጣው፣ አንድ እርምጃ አልሳተም። ከዚያ ቆሟል። ዞር ዞር ብሏል። ቦርሳውን አስቀምጦ ተቀምጧል፣ ብዙ ቆይቷል። ሦስት የተቃጠለ የክብሪት እንጨት አግኝተናል፤ ሰው እንዲያየው ይመስላል። ከዚያ ተነስቶ በግምት ሄዷል። ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልሄደም። ጭቃው እስከ ወገቡ ይዞታል፤ የቀኑ ሙቀት ጨርሶታል። ስናገኘው ፊቱ ወደ መንደሩ ነበር።"

የመንደሩ አለቃ "የፋኖሱ ተረኛ ማን ነበር?" ሲል ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ማሎሜ ተነሳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

"እኔ ነኝ የከደንኩት" አለ። "ለፎቶዬ ስል ባልዲ ደፋሁበት። ሌሊቱን ሙሉ ተከድኖ አደረ። እኔ ነኝ።"

ባልዲ የሚለውን ስሰማ መላ ሰውነቴ ነደደ። ገባኝ! እኔ ባልዲውን አንስቼ ወደ ቤት ከሄድኩ በኋላ፣ እሱ ከላይ ሆኖ አይቶኝ፣ ዘዴውን ከእኔ ተምሮ፣ ወርዶ መልሶ ደፍቶበታል። እኔ ለስድስት መቶ ያህል ብቻ ያደረግሁትን እሱ ሌሊቱን ሙሉ አድርጎት አባቴን ገደለብኝ። ከማ ሴቱንያ ጉያ አምልጬ፣ በወንዶቹ መሃል ሮጬ፣ ፊቱ ላይ ተፋሁበት። እኛ አገር ልጅ ማሎሜው ላይ ቀርቶ ጥላው ላይ አይተፋም። ምራቄን አልጠረገውም። ማንም አልመታኝም፤ ማንም አልተቆጣኝም። ስለዚህ እውነቱ ከእኔ ጋር ነው አልኩ።

አራት ከብት ለእናቴ እንዲሰጥ፣ ሞሴትላ ውስጥም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይገኝ ተፈረደበት። ከብቶቹን ሰጠ። ከዚያ ወዲያ በቀን ይመጣና፣ ጥላው መርዘም ሲጀምር ተነስቶ ይሄዳል። እኔ እሱ ሲመጣ በጓሮ እወጣ ነበር። የትምህርት ቤት ልብሴን፣ ደብተሬን፣ መጽሐፌን የሚልከው እሱ መሆኑን የማላውቅ መስዬ ተማርኩበት። ሰማይ ግን ዳግመኛ አላነሳም፤ እስከ መጨረሻው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው ያነሳው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ላገባ ሆነ። የባሌ ሽማግሌዎች ከብት ይዘው ሲመጡ ማሎሜዬ መቀመጥ ነበረበት። "ያ ሰውዬ ከተቀመጠ እኔ አልዳርም" አልኩና የእናቴን የሩቅ ዘመድ አስቀመጥኩ። እሱ ግን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ከአጥሩ ውጭ፣ ከግራሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጠ። ውስጥ እልል ሲባል እሱም ውጭ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር። አንድ ሳህን ምግብ እንኳ እንዲወጣለት አላደረግሁም፤ እማ ልትወስድለት ስትነሳ "እንዳታደርጊው!" አልኳት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተነስቶ ሄደ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ቀን አሸነፍኩት ብዬ ነበር።

ሲሞት አልቀበርኩትም። ከሞተ በሁለት ዓመቱ፣ ምሳ ላይ፣ እማ ስሙን አንስታ ስታለቅስ "እንኳን ሞተ" አልኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በልጆቼ ፊት፣ እናቴ በጥፊ መታችኝ። ልጆቹን አስወጣችና ሳጥኗን ከፍታ አንድ ፖስታ ጣለችልኝ።

ፎቶ ነው። ማሎሜ ከዚያ ሌሊት አጥቦ ያወጣው አንድ ፎቶ። ጀርባው ላይ በእርሳስ "የኬኖሲ" ብሎ ጽፎበታል። ሰማዩ በነጭ ጭረት ተሞልቷል፣ ሃያ አምስት ቆጥሬያለሁ። ቢጫው ነገር የለም። እንደዚያ የሚያምር ፎቶ አይቼ አላውቅም። ከሥር፣ ሜዳውና ሰማዩ ከሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ሦስት ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ፤ ተጠጋግተው።

"አባትሽ ነው" አለች እማ። "ክብሪቱ።"

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት።

"ማሎሜሽ ንጋት ላይ ካሜራውን ነቅሎ ሲወርድ አንቺን ባልዲው አጠገብ ተኝተሽ አገኘሽ። ባልዲውን አነሳ፣ ፋኖሱን ሰቀለ፣ አንቺን ተሸክሞ መጣ። አስከሬኑን ያገኙት ዕለት ነው የነገረኝ። 'ፋኖሱ ሲጨልም አይቻለሁ፤ ምን ሆኖ ነው ብዬ ወርጄ ማየት ሲገባኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም፣ እኔ ነኝ' አለኝ። እንዳልነግርሽ አስማለኝ።"

"አንቺስ እማ... እንዴት ቻልሽ?"

"ባሌን አጥቻለሁ። ልጄንም ልጣ?" አለችኝ።

በሳምንቱ ሞሴትላ ሄድኩ። አለቃው ያኔ ያልተወለደ ወጣት ነው፤ ሸንጎ እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት፣ አስቀመጠልኝ። ከድሮዎቹ የቀሩት አምስት ስድስት ሽማግሌዎች ናቸው። መሃል ቆሜ ተናገርኩ፦ ፋኖሱን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ፍርዱን ከማሎሜ ላይ አንሱና እኔ ላይ አድርጉት አልኩ። አለቃው ግራ ተጋባ። የሞተ ሰው የከፈለውን ፍርድ እንዴት እንደሚመልስ አያውቅም። ዞሮ ሽማግሌዎቹን አየ።

ማ ሴቱንያ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ በዱላዋ መሬቱን እየነካካች፣ "ቁጭ በዪ፣ ልጄ" አለችኝ። "ያኔም እናውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እኛ ዱካ ማንበብ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም እንዴ? ምሰሶው ሥር ትንንሽ እግርሽ ነበር። ቁጭ ያልሽበት፣ ጉንጭሽን አሸዋው ላይ ያሳረፍሽበት እንኳ ነበር። የሱም ዱካ ነበር፤ ሲመጣ ቀላል፣ ሲመለስ ከባድ። ከሸንጎው በፊት በነበረው ማታ በየቤታችን ዞረ። 'ልጅቷ ገና ብዙ ዘመን አለባት፣ እኔ እሸከመዋለሁ፣ ባካችሁ አንዳችሁም እንዳትነግሯት' ብሎ እግራችን ላይ ወደቀ። ምን እንበል? እሺ አልን።"

"ስተፋበትስ?" አልኩ። "ስተፋበት እንኳ አንድ ሰው እንዴት አልመታኝም?"

"ወንዶቹ ሊመቱሽ ተነስተው ነበር እኮ" አለች ማ ሴቱንያ። "እሱ ነው ከራስሽ በላይ በእጁ ተቀመጡ ያላቸው። አንቺ ለእነሱ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስለነበር አላየሽም።"